ከመርዶው በፊት የወጣነው ተራራ

እሑድ፣ ሰኔ 23 ቀን 1988

ተክለአብ ሞቷል። ከትናንት በስቲያ ዓርብ፣ የናዝሬት መንገድ ላይ፣ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ከጭነት መኪና ጋር ተጋጭቶ። የነገሩኝ የቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን እትዬ ወርቅዬ ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወሰዱኝና የሰው መኪና ተደግፈው፣ "በመጀመሪያ ፊትሽን አትለውጪ፣ ፅጌረዳ በሩ ጋ ቆማ ታይሻለች" አሉኝ። ከዚያ ነገሩኝ። እኔም ፊቴን አልለወጥኩም።

ፅጌረዳ የተክለአብ እህት ናት። ሌላ ወንድም የላትም፣ እናታቸውም ሌላ ወንድ ልጅ የላቸውም። እኔና እሷ እዚህ ለንደን፣ ዊልስደን አንድ ክፍል ተጋርተን መኖር ከጀመርን ሦስት ዓመት አልፎናል። ነርሲንግ ትማራለች፤ የመጨረሻ ፈተናዋ ሐምሌ 9 ነው። ከአዲስ አበባ የተደወለው ባተርሲ ለሚኖሩት ለእናቷ የአጎት ልጅ፣ ለጋሽ ብርሃኑ ነበር። እሳቸውና እትዬ ወርቅዬ ተማክረው ቆርጠዋል፤ ፈተናዋን ሳትጨርስ አይነገራትም። ሲነገራትም እንደ ወጉ፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ቤቷ ድረስ ሄዶ ነው።

"እስከዚያ ስልኩን አንቺ ትጠብቂያለሽ። ደብዳቤም ቢመጣ ቀድመሽ ታነሺያለሽ። ሌላ ማን አላት?" አሉኝ።

"እሺ" አልኳቸው።

እሺ ማለቴ አሁን ይገርመኛል።

አውቶቡስ ላይ ፅጌረዳ ግንባሬን ዳሰሰችና "ያምሻል እንዴ?" አለችኝ። ጾሙ ነው አልኳት።


ሰኞ፣ ሰኔ 24

ኤድመንተን፣ የምሠራበት መጋዘን። የምሳ እረፍት። ካርቶን ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ሱፐርቫይዘሩ ዛሬ ፈጣን ነሽ ብሎ አመሰገነኝ። የዌርሃውሱን ግማሽ ብቻዬን አሸግኩት።

ምንም አይሰማኝም። ወንድሜ አይደለም፤ የጓደኛዬ ወንድም ነው። ሰው ለጓደኛው ወንድም ያዝናል። እኔ ያንን እንኳ አላዘንኩም። የሥራ ደወል ተደወለ፣ ልነሳ።


ሐሙስ፣ ሰኔ 27

እንዴት እንደማውቀው ልጻፈው፣ ኋላ እንዳይምታታብኝ። መንገዶች መሥሪያ ቤት እሱ ቀያሽ ነበር፣ እኔ ታይፒስት። ከሀገር ልወጣ ስል የእህቱን አድራሻ በካሬ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠኝ። ከሥሩ ለእህቱ "አልታየሽ ትንሽ ነገረኛ ናት፣ ቻያት" የሚል ጨምሮበታል። ፅጌረዳ እስካሁን ሰሐን ሳላጥብ በቀረሁ ቁጥር ይቺን ትጠቅሳለች።

አልፎ አልፎ ይጽፍልኝ ነበር። ከሀገር ለወጣ ሰው ይጻፍለታል፣ ይኸው ነው።

ደብዳቤዎቹ ሃያ ስድስት ናቸው።


እሑድ፣ ሰኔ 30

ፅጌረዳ ዛሬ አዲስ አበባ ደወለች። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ አዳምጣለሁ። ስልኩን ያነሱት አክስቷ ናቸው። ተክሌ ፊልድ ወጥቷል፣ ጎጃም ነው፣ እዚያ ስልክ የለም ብለዋታል። እናቷስ? ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው ተዘግቷል ተባለች።

"አስፕሪን ከሎሚ ጋር ስጧት እንጂ!" እያለች ትመክራለች። እናትየው በልቅሶ ድምፃቸው የተዘጋ ሴት ናቸው። ከዚህ ሆና አስፕሪን ታዝላቸዋለች።

ስልኩን ዘግታ ወደኔ ዞረች። "ሲመለስ ጆሮውን ነው የምቆነጥጠው። ሳይነግረኝ ጎጃም ይገባል? ላንቺ ጽፎልሻል?"

"ለኔ? ለኔ ምን ብሎ ይጽፍልኛል?"

"እኔ እንጃ" አለችና ሳቀች።

ሽንኩርቱን ጨረስኩ። ዐይኔ ለሽንኩርቱ እንኳ አላለቀሰም።


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 9

ፈተና ገባች። ቁርሷን እኔ ሠራሁላት። ሻይዋ ውስጥ ጨው ጨምሬ ኖሯል፤ ጠጥታ፣ ፊቷን አኮማትራ ሄደች።


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 13

ዛሬ ያደረግኩትን ለማንም ስለማልናገር እዚህ እጽፈዋለሁ።

ባተርሲ ጋሽ ብርሃኑ ቤት ተጠራሁ። እትዬ ወርቅዬ አሉ፣ ሌሎች ስድስት ሰባት ሰዎችም ከማኅበሩ መጥተዋል። ነገ ጠዋት ይነገራት ተብሎ ማን በማን መኪና እንደሚመጣ ሁሉ ተደልድሏል። በወሬ መሐል ጋሽ ብርሃኑ ወደኔ ዞሩና "አንቺ አብረሻት ነው የምትውይው፣ ምን ይመስልሻል ልጄ?" አሉ።

ዝም ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

ፅጌረዳ የኮሌጇ የእግር ጉዞ ክበብ ለፈረንሳይ ተራራ ጉዞ ሲያዘጋጅ ለሁለታችንም ቡክ ያደረገችው በግንቦት ነው። ለቪዛው ሦስት ጠዋት ሰማያዊውን የስደተኛ ፓስፖርታችንን ይዛ ደቡብ ኬንሲንግተን የፈረንሳይ ቆንስላ በር ላይ ተሰልፋለች። ይህን ሁሉ ዘረዘርኩላቸው። "እዚህ አገር ከመጣች አንድ ቀን ዕረፍት አታውቅም። ፈተናው አድክሟታል። ሄዳ ትምጣና ይነገራት። አሁን ብትሰማ ትወድቃለች" አልኩ። ድምፄ እንዴት ያለ አሳቢ ድምፅ ነበር! ራሴን ሰምቼ ራሴ አመንኩት።

"ኧረ አይሆንም!" አሉ እትዬ ወርቅዬ። "ወንድሟ አፈር ገብቶ እሷ ተራራ ለተራራ? ነገ ስትሰማ ምን ትለናለች?"

ክርክር ሆነ። በመጨረሻ ጋሽ ብርሃኑ "እንግዲህ አልታየሽ ካለች ታውቃለች። አርባው ሳይወጣ ግን የግድ ነው" ብለው ዘጉት። ከተመለስን በኋላ ባለው ቅዳሜ ሆነ።

ደረጃውን ስንወርድ እትዬ ወርቅዬ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ "ደግ ጓደኛ ነሽ" አሉኝ። በቃሪያ ጥፊ ቢሉኝ ይሻል ነበር።

ቤት ስደርስ ፅጌረዳ አዲሱን የተራራ ጫማ ተጫምታ ክፍል ውስጥ ስትንጎራደድ አገኘኋት። "ተክሌ ቢያየኝ 'እንኳን ደህና መጣህ ጓድ' ነው የሚለኝ!" አለች። ለአንድ ሰዓት ያህል ስለሱ አወራች፤ በልጅነቱ ከጣሪያ ስለመውደቁ፣ ቡና ላይ አምስት ስኳር ስለማድረጉ። እኔ አልጋዬ ላይ ተኝቼ ሰማሁ። አንድም አላቋረጥኳትም።


ዓርብ፣ ሐምሌ 19

ቪክቶሪያ መናኸሪያ። አውቶቡሱ ሊነሳ ነው። አሥራ ስምንት ፈረንጅና እኛ። የክበቡ መሪ ማርጋሬት የምትባል ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴትዮ ናት። ፅጌረዳ መስኮቱን ያዘች። ስልኩ ከኋላችን ቀረ፤ ለአራት ቀን ጠባቂ አያሻውም።


ሰኞ፣ ሐምሌ 22

በመመለሻው አውቶቡስ ላይ። ፅጌረዳ ትከሻዬ ላይ ተኝታለች፤ አውቶቡሱ ቢያንገጫግጨኝም የትናንቱን ልጻፈው።

በማለዳ ነው የተነሳነው። ከመንገዱ ዳር ጀምሮ ዳገት ነው፤ በመጀመሪያ የጥድ ጫካ፣ ከዚያ ባዶ ቋጥኝ። አንድ ቦታ ላይ ድንጋዩ ቀጥ ብሎ የቆመ ስለሆነ የብረት መሰላል ተቸንክሮበታል። ፈረንጆቹ በዱላ እየተመረኮዙ ያለከልካሉ። እኛ እናወራለን። ማርጋሬት ብቻ ነች ከፊታችን፣ በዚያ በቀጫጭን እግሯ እንደ ፍየል።

ከመሰላሉ በላይ አንድ ትልቅ ቀንድ ያለው እንስሳ ቋጥኝ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየናል። "ዋልያ! የኛ ዋልያ እዚህ ምን ይሠራል?" ብላ ፅጌረዳ ጮኸች። የፈረንጆቹ አገር ዘር ነው፣ የዋልያ ዘመድ ቢሆን ነው። "እሱም ፓስፖርት ጠይቀውታል?" አለች። እንስሳው ሰምቶ እንደሰለቸው ሰው ዘወር ብሎ ሄደ።

ከዚያ ሐይቆቹ ጀመሩ። በመጀመሪያ ትንንሾቹ፣ አንዱ ካንዱ ከፍ እያለ፤ ውሃቸው ከመጥራቱ የተነሳ ታችኛው ድንጋይ ይቆጠራል። በሐምሌ ወር በረዶ ረግጠን አለፍን። ከሁሉም በላይ ትልቁ አለ፤ ስሙ በፈረንሳይኛ ነጭ ሐይቅ ማለት ነው አሉን። ወተት ጠብ ያለበት ውሃ ይመስላል። ከማዶ ያሉት በረዷማ ተራሮች ተገልብጠው ውስጡ ይታያሉ። ሁሉም ሰው "ኦ!" አለ። እኔም ማለት ስላለብኝ አልኩ። ውብ መሆኑን አውቄዋለሁ፣ ዝናብ መዝነቡን በመስኮት አይቶ እንደማወቅ ነው። አልነካኝም።

ጫማችንን አውልቀን እግራችንን ነከርን። ፅጌረዳ ጮኻ ወዲያው አወጣች። ውሃው ቀዝቃዛ መሆኑን ያወቅኩት በሷ ጩኸት ነው። እኔ አላወጣሁም። እግሬ በርበሬ እስኪመስል ቆየሁ፤ በመጨረሻ እሷ ጎትታ አወጣችኝና በሹራቧ እያሸች፣ "አንቺ ሴትዮ ምን ነክቶሻል ሰሞኑን?" አለችኝ።

"ሥራው ነው።"

"ውሸታም። ደብዳቤ ስለቀረብሽ ነው።"

"የምን ደብዳቤ?"

"ምንም" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ተክሌ እኮ ሊያገባ ነው። ማንን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን አልነግርሽም" አለች።

ማንን ብዬ አልጠየቅኩም። ካልሲዬን ፈለግኩ።

ከሐይቁ አጠገብ ለመንገደኛ የተሠራ የእንጨት ቤት አለ፤ በሩ ላይ የከፍታው ልክ ተጽፏል። ፅጌረዳ እዚያ ሄዳ ቆመች፣ ከዚያ እጇን እያርገበገበች ጠራችኝ።

"አልታዬ! ነይ አንብቢው!"

"ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ሁለት ሜትር። እና?"

"እናማ ቤታችን ነዋ! ተክሌ የግቢያችንን በር በመሥሪያ ቤቱ መሣሪያ ለክቶት ጽፎልኛል፤ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ነው። ገባሽ? እነዚህ ሁሉ ምላሳቸው እስኪወጣ የሚወጡት እኛ ተወልደን ያደግንበት ከፍታ ለመድረስ ነው!"

እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ማርጋሬት ሁለታችንን እየሳቅን ፎቶ አነሳችን። ተክለአብ በሩን የለካ ቀን የመለኪያውን ዘንግ ቀጥ አድርጌ የያዝኩለት እኔ ነበርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። "አትነቃነቂ፣ ሀገር ታዛቢያለሽ" ይለኝ ነበር። ይህን ፅጌረዳ አታውቅም።

"ልደውልለት ነው" አለች። "እስካሁን ከጎጃም ተመልሷል። ታች መንደሩ ጋ ስልክ አለ። 'ቤት ደርሻለሁ' ነው የምለው፣ ሌላ ምንም አልልም!"

የስልክ ካርዷን ቅዳሜ ከሲጋራ ሱቅ ገዝታ ቦርሳዋ ኪስ ውስጥ አኑራዋለች። ጎንበስ ብላ ጫማዋን ስታስር አወጣሁትና ካልሲዬ ውስጥ ሸጎጥኩት። ቁልቁለቱን ሦስት ሰዓት ወረድን፤ የካርዱ ጥግ ቁርጭምጭሚቴን እየፋቀ አደማኝ። ከቀኑ ሁሉ የተሰማኝ እሱ ብቻ ነው።

መንደሩ ስልክ ጋ ስንደርስ ቦርሳዋን ገልብጣ ፈለገች። "ሐይቁ ጋ ወድቆብሽ ይሆናል" አልኳት። እሑድ ስለሆነ ሱቁ ዝግ ነው። የስልኩን እጀታ አንስታ፣ ምንም የማይሰማበትን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ትንሽ ቆመች።

"ይሁን። ለንደን ስገባ" አለች።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 25

ሁለቴ ደውላ አልተነሳላትም። እነ አክስቷ ጨንቋቸው ነው የማያነሱት። "አንድ ነገር አለ" ማለት ጀምራለች። ዛሬ ከኮሌጅ መልስ በሩ ላይ ቆማ፣ "እማዬ ሞታ ደብቀውኝ ይሆን?" አለችኝ።

"አልሞቱም" አልኩ። ውሸት አልነበረም።

የቅዳሜውን ጥቁር ልብሴን ለምን እንደምተኩስ ጠየቀችኝ። የሥራ ነው አልኳት።


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 27

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ዘጠኝ ሰዎች። ኮቴ ሳያሰሙ ደረጃውን ወጡ። ፅጌረዳ አልጋዋ ላይ ተነስታ ቁጭ ብላ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁትን እትዬ ወርቅዬን አየች።

"እማዬ ናት?" አለች።

"ተክለአብ ነው ልጄ" አሉ ጋሽ ብርሃኑ።

ጩኸቷን አልጽፈውም። የላይኛው ቤት ሰው ሴት እየተገደለች ነው ብሎ ፖሊስ ጠራ። ሁለት ፖሊሶች መጡ። ጋሽ ብርሃኑ እንባቸውን እየጠረጉ፣ በዚያ በጨዋ እንግሊዝኛቸው፣ ወንጀል የለም፣ አዲስ አበባ ሰው ሞቶብን ነው ብለው አስረዱ። ፖሊሶቹ ኮፍያቸውን አውልቀው ትንሽ ቆሙና ሄዱ።

እኔ ሻይ አፈላሁ። ወንበር ከጎረቤት ለመንኩ። ሰው ሁሉ ፅጌረዳን "እግዜር ያጽናሽ" ይላታል፣ እኔን ደግሞ "እጅሽ ይባረክ፣ ስኳር አለ?"

ከቀትር በኋላ ነው "መቼ?" ያለችው። ሰኔ 21 አሏት። በጣቷ ቆጠረች። ከዚያ በሰዉ መሐል ቀና ብላ እኔን አየች።

"ተራራው ላይ ታውቂ ነበር?"

"አዎ" አልኩ። ትሪው እጄ ላይ ነበር።


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 30

ሀገር ቤት ዛሬ አርባው ወጣ። ሰዉ ሁሉ ሄዷል። በፖስታ ከማርጋሬት ፎቶዎቹ መጡ፤ ደግ ሴትዮ፣ "ለመልካም ቀን ማስታወሻ" ብላበታለች።

ፅጌረዳ የምንስቅበትን ያዘች። ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ማን ነው ከጉዞው በኋላ ይነገራት ያለው? ጋሽ ብርሃኑ 'እኔ ነኝ' አሉኝ። እሳቸው መዋሸት አይችሉበትም።"

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"እንድታርፊ ብዬ..." ብዬ ጀመርኩ። ፊቷን ሳየው ተውኩት። "ስለሱ ስታወሪ ልስማ ብዬ ነው። አንቺ እስክትሰሚ ድረስ እዚህ ክፍል ውስጥ አልሞተም ነበር።"

በአንድ ጊዜ ፈነዳች። "ሠላሳ ስድስት ቀን! ወንድሜን ሠላሳ ስድስት ቀን ሰረቅሽኝ! እኔ እዚያ ውሃ ዳር ስስቅ ቆመሽ ታይኛለሽ! አብረሽኝ ትስቂያለሽ!" ፎቶውን ወረወረችው። ኮቷን ለብሳ እትዬ ወርቅዬ ጋ ሄደች።

ልክ ናት። አንድም ያለችው ስሕተት የለውም። ከኋላዋ ሮጬ ይቅርታ አላልኳትም። ሰው እንዲህ ሆኖ ይኖራል? እንጀራ በላሁ፣ ዕቃ አጠብኩ፣ ተኛሁ።


ሐሙስ፣ ነሐሴ 2

ትናንት ሥራ ውዬ መጣሁ። ከማንም ጋር አላወራሁም። ፅጌረዳ አልተመለሰችም፤ ልብሷን ልትወስድ ትመጣለች ብዬ አጣጥፌ አስቀመጥኩላት።

ዛሬ ጎህ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። ወርጄ ስከፍት ፅጌረዳ፣ እትዬ ወርቅዬና ጋሽ ብርሃኑ ቆመዋል፤ ሦስቱም ጥቁር ለብሰዋል።

"ማን ሞተ?" አልኩ።

ወደ ላይ ይዘውኝ ወጡ። ፅጌረዳ ትከሻዬን ይዛ አልጋዬ ላይ አስቀመጠችኝ።

"በር ላይ ፖስታሽን የማነሳው እኔ አይደለሁም?" አለችኝ። ድምጿ አሁንም ሻካራ ነው። "የወንድሜን እጅ ጽሑፍ የማላውቅ መስሎሽ ነው? ሦስት ዓመት ሙሉ ራሳችሁ እስክትነግሩኝ እየጠበቅኩ ነበር። አሁንም ተናድጄብሻለሁ። ገና እናደዳለሁ። ግን ለኔ ዘጠኝ ሰው መጣልኝ፤ አንቺን ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወስደው ፊትሽን አትለውጪ አሉሽ።"

እትዬ ወርቅዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ "አላወቅኩም ልጄ፣ ማርያምን አላወቅኩም" አሉ።

ፅጌረዳ ከፊቴ ተንበረከከች። ሁለት እጆቼን ያዘች።

"አልታየሽ" አለች። "ተክለአብ ዐርፏል።"

የማውቀውን ነው የነገረችኝ። ግን ገና አሁን፣ እሷ ስትለው ነው የሰማሁት። ጮኽኩ። ምን ብዬ እንደጮኽኩ አላስታውስም፤ ስሙን ነው አሉ። ጋሽ ብርሃኑ ወገቤን ይዘው ነበር። የላይኛው ቤት ሰው ዛሬ ፖሊስ አልጠራም።

ሲነጋ እትዬ ወርቅዬ ፍራሹን መሬት አወረዱትና ሁለታችንን ጎን ለጎን አስቀመጡን፤ ሻዩን የሚያፈሉት እሳቸው ናቸው። አሁን ሁለታችንም የተኛን መስሏቸው እሳቸውም አረፍ ስላሉ ይህን እጽፋለሁ። ዐይኔ አብጦ መስመሩ በደንብ አይታየኝም።

ዛሬ ሥራ አልሄድኩም። ዌርሃውስ የደወለችልኝ ፅጌረዳ ናት። ቤተሰብ ሞቶባት ነው አለቻቸው። ሱፐርቫይዘሩ ምኗ ነው ብሎ ጠየቃት መሰለኝ፣ ስልኩን እንደያዘች ዞራ አየችኝ።

"እጮኛዋ" አለችው።